በአንቺ በኩል ያለው ቀዳዳ

ገነተ ማርያም፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ውድ እታገኘሁ፣

ጎረቤታችን ደብሪቱ ተሽሏታል። የእግሯ እብጠት ጎድሎላት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መመለስ ጀምራለች። ልጇም ወንድ ወልዳ ደብሪቱ አያት ሆነች፤ ሕፃኑን ያላሳየችው ሰው የለም። ማን መጣ፣ ማን ምን አለ የሚለውን ግን እዚህ ላይ ልተወው። ዋናውን ሳልነግርሽ ወረቀቱ ያልቅብኛል። መሠረተ ትምህርት አብረን ስንማር ጀምሮ አንዱ ፊደሌ የሁለት ፊደል ቦታ እንደሚይዝ ታውቂያለሽ።

ከመተከል የጻፍሽው ደርሶኛል። ምስጥ የአዲሱን ቤትሽን ቋሚ እየበላው ነው ያልሽውን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እዚያም ሄደሽ ኑሮሽ ከተባይ ጋር ሆነ?

እዚህ ያለው ቤትሽ ሊፈርስ ነበር። እንዳትደነግጪ፣ አልፈረሰም።

ገብሱ ሲታጨድ አይጡ ማሳውን ለቆ ወደ ቤት እንደሚጎርፍ መቼም አትረሺውም። የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ እኔም አንቺም በአንድ ጠዋት ጭቃውን ከጭድና ከአመድ አቡክተን፣ የቀጋ እሾህ እየወተፍን ቀዳዳውን ሁሉ እንደፍን ነበር። አንዳችን ብቻ ከደፈንን አይጡ ወደ ሌላኛችን ይሄዳላ። ግቢያችንን ከሚለየው ካብ ወዲህ ሆኜ «አለቀልሽ?» ስልሽ፣ ከካቡ ወዲያ «አንቺ አንዱን እስክትደፍኚ እኔ ሦስት ቤት እጨርሳለሁ» ትይኝ ነበር። ለሰፈራ መኪና ላይ የጫኗችሁ ዕለትም ቁልፉን ስትሰጪኝ «አይጥ እንዳይፈነጭበት» ብቻ ነው ያልሽኝ። ሌላ ብንናገር ሁለታችንም አንችለውም ነበር።

ዘንድሮ የራሴን ደፈንኩ። ያንቺን በር ለመክፈት ግን ልቤ እምቢ አለኝ፤ ባዶውን ማየት ፈራሁ። አይጡም ባንቺ ቤት ተዋልዶ ለሰፈሩ ሁሉ ተረፈ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደባሱ መጣ።

«የሻረግ፣ ይሄ ቤት ይፍረስ። አይጡ ማኅበር አቋቁሞበታል።»

«ሊቀመንበርም መርጧል?» አልኩት።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ቀልዱን ተይው። ሰዎቹ እንደሆነ አይመለሱም» አለኝ።

እሷን ቃል ስሰማ አላስችል አለኝ። «የዘር ገብሴን በእታገኘሁ ጎታ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አይጥ ከነካው እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ» አልኩት። ባለቤቴ ጋሻዬ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ምነው ሴትዮ፣ ለክረምት የአይጥ ኩስ ልንዘራ ነው?»

ከፈትኩት፣ እታገኘሁ። ባልሽ ምስጋኑ ጥሎት የሄደውን ቁራጭ ጋቢ አይጦቹ ጎትተው ምድጃሽ ላይ ጎጆ ሠርተውበታል። ጠርጌ አወጣሁ። ግድግዳውን እየዳበስኩ ስደፍን ከጎታው ኋላ ደረስኩ። እዚያ አንቺ የደፈንሽው አለ፤ እሱ ብቻ አልተከፈተም። የጣቶችሽ ምልክት ጭቃው ላይ እንዳለ ነው። ጣቶቼን በጣቶችሽ ቦታ አስገብቼ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ድመቴን እዚያ አሳድራለሁ፣ ምድጃሽ ላይ እሳት አነዳለሁ። አንዳንዴ አወራለሁም። ጋሻዬ ከደጅ ሆኖ «ከማን ጋር ነው?» ሲለኝ፣ «ከአይጦቹ ጋር፤ ስንብት ላይ ነን» እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደባሱ መጥቶ እጁን እስከ ክርኑ ጎታው ውስጥ ሰደደ። ገብሱን ዘገነና አሸተተው፣ በመዳፉ አገላበጠው። «ይቆይ» ብሎኝ ሄደ።

ለምስጡ የቋሚውን ሥር ቆፍረሽ አመድ ሙዪበት። ብቻሽን ግን አታድርጊው። ይሄ ወረቀት እስኪደርስሽ ይዘገያልና፣ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ጠዋት ይሁን። አንቺ እዚያ አመዱን ስትሞዪ እኔም እዚህ ያንቺን ግድግዳ ዳግም እለስናለሁ፤ ከጎታው ኋላ ያለውን ግን አልነካውም። ስጨርስ ካቡ ላይ ወጥቼ «አለቀልሽ?» እላለሁ።

አንቺም እዚያ ሆነሽ እንደ ድሮሽ ስደቢኝ።

ከካቡ ወዲህ ያለሁት፣
የሻረግ