እናታችን የተከለችው ፖምና የእኩለ ቀኑ ባቡር

ለውድ ታናሽ ወንድሜ ለቬኒያሚን፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደብዳቤህ ሐኪሙ ደረጃ አትውጣ እንዳለህ ጽፈህልኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ትእዛዙን እንዴት አድርጎ እንደሚፈጽመው ግን አልነገርከኝም። ዞያስ እንዴት ናት? የደም ግፊቷ ወረደላት? የልጅ ልጅህ ሮዲዮንስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ፎቶግራፉ ደርሶኛል፤ አድጓል፣ አምሮበታል፤ ፀጉሩ ግን ግንባሩን ውጦታልና ይቆረጥ። የካምቻትካ ተራሮች ነጭ መልበስ እንደ ጀመሩ በራዲዮ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ሙቅ ልበሱ።

እኔን ከጠየቅህ በዕድሜዬ ልክ ደህና ነኝ። ዓይኔ ቶሎ ይደክማል፣ እጄ ግን እንደምታየው ዛሬም ከመስመር አይወጣም። የመምህርታችን የቬራ ካርሎቭና ማስመሪያ ጣቶቼ ላይ ሲያርፍ የኖረው በከንቱ አልነበረም። ይህ ደብዳቤ የዘገየብህም ታምሜ አይደለም። የምነግርህን ነገር ከየት እንደምጀምረው ጠፍቶኝ ነው።

በባቡር መቆሚያው አጠገብ ያሉትን የፖም ዛፎች ሊቆርጧቸው ነው። የእናታችንም ዛፍ አብሮ ይቆረጣል።

አንተ ከዚህ የወጣኸው በጎልማሳነትህ ስለሆነ ቬርቢኖን የምታስባት በፋብሪካዋ ጡሩምባ ነው። አባታችን ይል እንደ ነበረው፣ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሳይሠራ ይህ ቦታ ስም እንኳ አልነበረውም፤ እንደ እስረኛ በቁጥር ነበር የሚጠራው። ስም ያገኘው ሸማኔዎቹ ሲመጡ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ እነዚያው ሸማኔዎች ጠላት ያቃጠለውን ባዶ መሬት ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፖም ተከሉ። እናታችን ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት በባልዲ ውኃ ስታመላልስ ከኋላዋ ባዶ ጣሳ ይዘህ ትከተላት እንደነበር አልረሳሁም። ዛፏ ከመቆሚያው ሲቆጠር ሦስተኛው ነው። ዥዋዥዌ ካሰርህበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ሐዲዱ እንዳዘነበለ ቀርቷል።

ያኔ መላው ከተማ በአንድ ጡሩምባ ይነሣ ነበር። በሌላው ጡሩምባ ሁሉም ምሳውን እቤቱ ይበላ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ጡሩምባውም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። መጀመሪያ ወንዶቹ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ በመጨረሻም ሁሉም ሞስኮ እየሄደ የሚሠራ ሆነ። ዛሬ ቬርቢኖ ማደሪያ እንጂ መዋያ አይደለችም። ሰዉ ገና ሳይነጋ ይጎርፋል፤ ሲመሽ ይመለሳል። በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር የሚኖሩ ሰዎች እንኳ የሚተዋወቁት አራተኛው ፉርጎ ውስጥ ነው። ልደት የሚከበረው እዚያ ነው፤ ለሐዘንተኛ የሚዋጣው እዚያ ነው፤ ካርታ የሚጫወቱትም ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እዚያው ነው። ሲመለሱ የደከመው ይተኛል፤ ጎረቤቱ መውረጃው ላይ ይቀሰቅሰዋል። የጎረቤቱን እንቅልፍ አይቶ ዝም ብሎ የወረደ ሰው እዚህ ከሌባ ይቆጠራል። ቀን ቀን ከተማዋን የምንጠብቀው እኛ አሮጊቶችና ውሾች ነን። የደረጃችን ሰዎች ሁሉ ቁልፋቸው እኔ ዘንድ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም ድመት ብትጮህ የምከፍተው እኔ ነኝ። ፖሞቹ ሲያብቡ ባለቤቶቹ የሚያዩአቸው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

በኦገስት አጋማሽ በባህል አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በፖሞቹ ቦታ ላይ አራት ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ሊሠሩ ስለታሰበ የነዋሪው ሐሳብ ይሰማል ይላል። ሁለት የፊደል ስሕተት ነበረበትና በእርሳስ አረምኩት። ከፊደሉ የከፋውን ስሕተት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስብሰባው ረቡዕ በእኩለ ቀን ነበር። ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ማታ እንዲደረግ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ማታ እኛስ ቤት የለንም እንዴ? የአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ካመለጠኝ እኮ ልጄን ከሕፃናት መዋያ የሚያወጣልኝ የለም» አለችኝ። እሷም ከሌላ ከተማ ነው የምትመላለሰው። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። ጌናዲን ታስታውሰዋለህ፣ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ ዛሬ ሞስኮ ውስጥ አሳንሰር ይጠግናል። «እማማ ቶኒያ፣ እርስዎ ብቻ ይቆጧቸው። እርስዎ ሲቆጡ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኪሴ ውስጥ ማስቲካ እደብቃለሁ» ብሎ ሳቀ። ኢንና ነርሷ ግን አልሳቀችም። «ረቡዕ ተረኛ ነኝ፤ በሽተኛ ጥዬ የት እመጣለሁ?» ብላ አቀረቀረች። አልተቀየምኳቸውም። ሆኖም ቀን ከሚውልባት ሰው ይልቅ ሌት የሚያድርባት የበዛ ከተማ ለራሷ መናገር እንደማትችል ሌሊቱን ሁሉ አስብ ነበር።

ረቡዕ ግራጫ ልብሴን ለብሼ፣ ከፋይና ማትቬየቭናና ከማይለያት ውሻዋ ጋር ሄድኩ። ከእኛ ከአሮጊቶቹ በቀር አዳራሹን የሞሉት በአውቶቡስ የመጡ የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሱፍ ፍሬ ይሰብራሉ፣ በተነገራቸው ጊዜ ያጨበጭባሉ። ፋይና ጮክ ብላ «እናንተ የማን ዘመዶች ናችሁ?» ብትላቸው አንዱ «የዘመድ ዘመድ» ብሎ መለሰላት፤ ሳቁ። ፎቆቹን የሚሠራው ኩባንያ ተወካይ ትሑት ወጣት ነው። የፎቆቹን ሥዕል አሳየን። በሥዕሉ ላይ ከአሁኖቹ የሚበልጡ ዛፎች ነበሩ።

ልናገር ስዘጋጅ ስልኬ ጮኸ። ኢንና ነበረች። በደስታ ትጮኻለች። «አንቶኒና ሳቬልየቭና፣ እባክዎ አያስጨርሷቸው! እየመጣን ነው፤ ፉርጎው በሙሉ እየመጣ ነው!» አለችኝ። ለካ ያን ዕለት ማለዳ ባቡሩ ላይ ጌናዲ ካርታውን ጥሎ ተነሥቶ «አሮጊቶች ጦር ግንባር ልከን እኛ ቁጭ ብለን እንጫወታለን? ይህ ነውር አይደለም?» ብሏቸው ኖሯል። ኢንና ተራዋን ለጓደኛዋ ሰጠች፤ የቀሩትም እንደምንም አስፈቅደው በእኩለ ቀኑ ባቡር ተሳፈሩ።

ቬኒያ፣ በየትኛው ባቡር እንደተሳፈሩ ስትነግረኝ አቋረጥኳት። «ኢንና፣ እሱ እኛ ዘንድ አይቆምም» አልኳት። «እንዴት አይቆምም? የእኛ ባቡር እኮ ነው!» አለች። የእነሱ ባቡር የጧቱና የማታው ነው። የእኩለ ቀኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በየቀኑ እያፏጨ ሲያልፍ የጎመን ሾርባዬን ከእሳት አወርዳለሁ። እነሱ ዕድሜያቸውን በዚህ ሐዲድ ላይ ሲጨርሱ ቬርቢኖን በሥራ ቀን በእኩለ ቀን አይተዋት አያውቁም። ኢንና ለሌሎቹ ስትነግራቸው ሰማሁ። ከዚያ ጌናዲ «የሰዓት ሰሌዳውን ማን ነው ያየው?» ሲል ሰማሁት። ማንም አላየም። ወደ ገዛ ቤቱ ለመሄድ ሰሌዳ የሚያይ ማን አለ? አንዲት ሴት «ያን ቀዩን የማቆሚያ እጀታ ጎትተዋ!» ስትለው «የቆሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ድንገት ያቆሙት ነገር ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማውቀው» አለ። ስልኩ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። የተከሉትን ሴቶች በስማቸው ጠራሁ፤ ከዚያም ነዋሪዎቹ መንገድ ላይ ናቸውና ጥቂት ታገሡን ብዬ ለመንኩ። እኔ ለመንኩ፣ ቬኒያ። ወጣቱ በጨዋነት «እናቴ፣ ነዋሪዎቹ ግድ ቢላቸው ኖሮ እዚህ ይገኙ ነበር። የታሉ?» አለኝ።

የአዳራሹ መስኮት ወደ ሐዲዱ ነው። ባቡሩ ያን ጊዜ አፏጨ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። «እነዚያው ናቸው!» ብዬ በምርኩዜ አመለከትኩ። ሁሉም ዞሩ። አራተኛው ፉርጎ በፊታችን ሲያልፍ መስኮቶቹ ሁሉ በእጅ ተሞልተው ነበር፤ መስታወቱን ይደበድባሉ፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ኢንናን አየኋት። ጌናዲ ኮፍያውን ያወናጭፍ ነበር። ከዚያ የፖሞቹ ቅርንጫፎች ብቻ በነፋሱ ሲወዛወዙ ቀሩ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ «ሌላ አስተያየት ያለው አለ?» ብላ ጠየቀች። በአውቶቡስ የመጡት አጨበጨቡ። የፋይና ውሻ ብቻ ጮኸ፤ እሱንም አስወጡት።

ባቡሩ የሚቆመው ሩቅ ነው። ሲመለሱ አዳራሹ ተቆልፎ ነበር። ማታ ተራ በተራ ቁልፋቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ማንም ዓይኔን አላየኝም። ኢንና ኬክ ይዛ መጥታ ደጃፌ ላይ አለቀሰች። ጌናዲ ደረጃው ላይ ተቀምጦ «እንቅልፍ ሲወስደን ሰው እንዲቀሰቅሰን ለምደን፣ ነቅተን መውረጃችንን አለፍነው» አለ። እንደ ቀልድ ጀመረው፤ ከዚያ ግን ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ጽፈናል፤ መልሱ ነዋሪው ተሰምቷል የሚል ነው። እውነት ነው፣ በስብሰባው ሰዓት የነበረው ተሰምቷል።

አንተ በሚቀጥለው በጋ መጥተህ ከዛፏ ሥር እቀመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። ለዚያ ቀን ላቆይልህ አልቻልኩም። ዘንድሮ ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉ መሬት ነክቷል፤ እንደሚያውቅ ሁሉ። የቻልኩትን ለቅሜ፣ ከትፌ፣ ምድጃ ላይ አድርቄ በዚህ ጥቅል ልኬልሃለሁ። እርጥበት እንዳይነካው በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት።

መቼ እንደሚቆርጡ አልነገሩንም። ጎረቤቶቼ «መጋዝ የሰሙ ዕለት ወዲያው ይደውሉልን» ብለውኛል፤ ቃል ገብቻለሁ። መጋዙ ግን የሚመጣው በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ስልኩን አንሥቼ ምን እላቸዋለሁ? በየትኛውስ ባቡር ይመጣሉ?

ለዞያ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ጨው ትቀንስ። ሮዲዮንን ግንባሩን ስሙልኝ፤ ከፀጉሩ ሥር ካገኛችሁት። ለጎረቤታችሁ ለሽማግሌው ዓሣ አጥማጅም የላከልኝ ሳልሞን ሳይበላሽ መድረሱን ንገርልኝ። ፋይና ማትቬየቭናም ሰላም ብላሃለች። አንተም ጉልበትህን ጠብቅ፤ ስትመጣ ደግሞ በጧቱ ወይም በማታው ባቡር ተሳፈር።

እህትህ አንቶኒና

ቬርቢኖ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2018