ወስፌ ያልገባበት ጫማ

አባብዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደህና ነን። ያ "እኔው ነኝ የምጠግነው፣ ማንም እንዳይነካው" ያልከው የጓዳ ጣሪያ ሲያፈስ ከርሞ፣ ዘንድሮ ባንተ መዶሻ እኔ ጠገንኩት። አሁን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያፈሰው፤ አትሳቅብኝ።

ትልቁን ወሬ ልንገርህ። ትምህርቴን ጨርሼ አናጺ ሆኛለሁ። ቢሮ ትገባለች ያልካት ልጅህ ከእንጦጦ ግርጌ በሚሠራ ፎቅ ላይ ኮንክሪት የሚሞላበትን የጣውላ ካሳፎርማ እየመታች ነው። ፎርማኑ በአንድ ቀን ሙከራ ተቀበለኝ፤ እማዬ ግን ወር ሙሉ አኮረፈች።

ምክንያቷን ታውቀዋለህ። ያ ሥራ ላይ የረገጥከው የጣውላ ምስማር ጫማህን በስቶ ካቆሰለህ ወዲህ እያነከስክ ነው የኖርከው። የወሰደህ ሌላ በሽታ ቢሆንም፣ ለእማዬ ሁሉም ነገር የጀመረው ከዚያ ምስማር ነው። "ምስማር የማይበሳው ጫማ ካላሳየሽኝ ከዚህ በር አትወጪም" አለችኝ። እሷ ካለች ደግሞ አለች ነው።

ከሲግናል እስከ መገናኛ ሴፍቲ ጫማ ፍለጋ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። ሻጩ ሁሉ "ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ ሶሉ ውስጥ ብረት አለው" ይላል። ማን ቀዶ ያየዋል? እንዳንተ አፍንጫውን ተጫንኩት፣ አጎበጥኩት፣ አሸተትኩት፤ ምንም የገባኝ ነገር የለም። በመጨረሻ አንዱን እንዲሁ አምኜ ገዛሁና፣ እንደ ወግህ እግሬን ሳላስገባበት ለማሰፋት ወደ ጫማ ሰፊው ጋሼ ምትኩ ወሰድኩት። እዚያው ፈረንሳይ ሰፈር፣ ዳገቱ ሥር ናቸው። እማዬም ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ።

አንተ አዲስ ጫማ ሳታሰፋ አታደርግም ነበር። ያውም ሰው ዳር ዳሩን ብቻ ሲያሰፋ፣ አንተ ሁለተኛ ዙር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንዲሰፋ ታዝዛለህ። ኋላ ምስማር የበሳውን ያን የመጨረሻ ጫማህን ስታሰፋ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ያም ብረት አለው ተብሎ የተገዛ ነው። የጋሼ ምትኩ ወስፌ ሹልክ ብሎ ሲገባ "እንዴት ያለ ለስላሳ ሶል ነው!" ብለህ ደስ አለህ። ወስፌ እንዲያ የሚያሳልፍ ሶል ምስማርም እንደሚያሳልፍ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ጋሼ ምትኩ ግን ኋላ ገብቷቸው ኖሯል። ጫማዬን ሲቀበሉኝ "ያኔ ገብቶኝ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ ልጄ" አሉ። ዳሩን ሰፍተው ጨረሱና ወስፌውን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ወጉት። አልገባም። ገፋ አደረጉት፤ ጫፉ ብረት መትቶ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሰው ዕቃው ተሰብሮበት እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም! እማዬ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ካንተ ወዲህ ጥርሷን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ ጫማውን ለማላመድ፣ አንተ እንደምታደርገው በእግር ወደ ራጉኤል ወጣን። ተረከዜን ላጠኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳወልቀው እማዬ እንዳይሰረቅ ፈርታ አጠገቡ ቆማ ጸለየች። አንድ ዓይኗ ጫማው ላይ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሳይት ላይ ምስማር የቆመበት ጣውላ ረገጥኩ። ከሥር ብረት ከብረት ሲፋቅ ተሰማኝ። እግሬን አነሳሁ፤ ምንም አልሆንኩም። እዚያው ቆሜ ላንተ አለቀስኩ። ከዚያ ጣውላውን አንስቼ፣ ሌላ ሰው እንዳይረግጠው ምስማሩን ነቀልኩት።

ልብስህን ለነዳያን ስንሰጥ ያን ጫማህን አስቀርቼዋለሁ። አልጋዬ ሥር ነው። አዲስ ጫማ በገዛሁ ቁጥር አውጥቼ ቀዳዳውን በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ ይህን እስካለሁ ድረስ አልተውም። እማዬ ከሥራ ስመለስ፣ ያኔ አንተን ትጠይቅህ እንደነበረው፣ "በሁለት እግርሽ ገባሽ?" ትለኛለች።

ገብቻለሁ፣ አባብዬ።

ልጅህ