የገብስ አመድና ዋልካው

መጋቢት 2003 ዓ.ም.
ውድ እማማ አረጋሽ፣

እንደምን ከርመዋል? ይህን ደብዳቤ ልጅዎ የትምወርቅ እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። የእኔ ነውር አለበትና እሷም ትስማው።

በ1999 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፌ የመንገድ አፈር ላጠና ዘመሮ መጥቼ ጠላ ከሚሸጡበት ቤትዎ ክፍል ተከራየሁ። ክረምት ሲገባ የዋልካው ጥቁር ጭቃ ጫማዬን ከእግሬ ያወልቀው ነበር፤ የእርስዎ ደጅ ግን እግር አይውጥም። አንድ ቀን ከብት የማይበላው የበሰበሰ የገብስ ገለባ አቃጥለው አመዱን ከጭቃው ጋር ሲረግጡ አገኘሁዎት።

"ምን እየሠሩ ነው?" አልኩ።

"አፈሩን እያጠነከርኩ ነዋ። አመድ ካልገባበት ክረምቱን አይችልም።"

"አፈር የሚጠነክረው በሲሚንቶ ነው" ብዬ ሳቅሁብዎ።

አልተቆጡም። "እንግዲያው ለክተህ እየው" ብለው አመዱን በጣሳ ሰጡኝ።

አዲስ አበባ ወስጄ ለካሁት። ከጥቂት ኖራ ጋር ስቀላቅለው ዋልካው ከእጥፍ በላይ ክብደት ቻለ፤ ውኃ ውስጥ ስነክረውም እንደ ድሮው አላበጠም። ጽሑፌን ሳቀርብ መምህሬ ሐሳቡን ከየት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ስምዎ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ከጠላ ሻጭ ተማርኩ ማለት አሳፈረኝ። "ራሴ አስቤው ነው" አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

በ2001 ዘመሮ ተመልሼ የከተማው ጤና ጣቢያ ደጅ ያለችውን ሠላሳ ሜትር ዳገት በአመድና በኖራ ስንሠራ፣ የሰፈሩን ሴቶች አስተባብረው አመዱን በአህያ ያስጫኑት እርስዎ ነበሩ። በነሐሴው ዝናብ የትምወርቅ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትመጣ፣ ተሸካሚዎቹ ያንን ዳገት ሳይንሸራተቱ ወጡት። በሰላም ተገላገለች። እርስዎም እጄን ይዘው "ልጄን ያተረፍካት አንተ ነህ፤ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ እንደ ልቤ አልተኛሁም።

ባለፈው ሳምንት መምህሬ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። "ታዲያ ሴትዮዋን ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም?" አሉኝ። ጽሑፉ ታርሟል፤ ዘዴውን ያስተማሩኝ እርስዎ፣ የዘመሮዋ ወይዘሮ አረጋሽ፣ መሆንዎ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፍሯል። ይህ ግን ለምሁራኑ እንጂ ለእርስዎ ይቅርታ አይሆንም።

መልስ አይላኩልኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ። ሲቆጡ አይቼዎት አላውቅም፤ በዚያን ቀን ግን እባክዎ ይቆጡኝ።

ያፈረብዎት ልጅዎ
ማዕረግ