የተዋሰው አክሲዮንና ሰማንያው ወንበር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዝናብ የለም። ጉልበቴ ደህና ነው። ከኢንቨስትመንት ፈንዱ የዓመቱ ሪፖርት በፖስታ መጣ። ስልሳ ስምንት ገጽ።

ሀሴት አየችውና ሳቀች። "አባዬ፣ ይህን እኮ ማንም አያነበውም።" ልጄ ናት፣ ቢሮ ትሠራለች፣ ግን ማንም የማያነበውን ለምን ያትሙታል ብላ አትጠይቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ በሰው አገር፣ ጀፕ ገበያ ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ ሸጬ ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚያ ፈንድ ውስጥ ነው። አነበዋለሁ። ከገጽ አንድ ጀምሬ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ገጽ ሃያ ሦስት። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴ ከጀርባው ሊገነጠል ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ገጽ አርባ አንድ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አክሲዮኖቼን ለሰው አውሰዋል! ከመቶ አሥራ አንዱን። ለማን? ለባንክ። ባንክ ምን ቸግሮት ነው ከእኔ የሚዋሰው?

ሀሴትን ጠራኋት።

"የተለመደ ነው አባዬ። ያውሳሉ፣ ኪራይ ይቀበላሉ፣ ንብረትህ ይመለሳል።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ስትፈርም ተስማምተሃል። ከውሉ ውስጥ ይኖራል፣ ፈልገው።"

ፈለግሁ። አለ። ጉንዳን የሚያህል ፊደል። እንዳገኘሁት አልነገርኳትም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሳንድተን ሄድኩ፣ ፈንዱ ቢሮ። ሁለት ታክሲ። ኖምቩላ የምትባል ወጣት ተቀበለችኝ። "ሳውቦና፣ ባባ" ብላ በአገሯ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝ። በዚህ ልለዝብ? አልለዘብኩም። ጥያቄዎቼን ጽፌ ይዣለሁ። ማን ተዋሰ? ምን አስያዘ? መያዣው የት ተቀመጠ? ኪራዩን ማን በላው?

ለእያንዳንዱ የራሴን ሪፖርት እየገለጠች ጣቷን አስቀመጠች። "ገጽ አርባ ሁለት፣ ባባ።" "ገጽ አርባ ሦስት፣ ባባ።" ፈንዱ የተመዘገበው አውሮፓ ነው፤ የዚያ አገር ደንብ ይህን ሁሉ በየዓመቱ እንዲገልጹ ያስገድዳቸዋል አለች። ተዋሾቹ በየስማቸው። መያዣው የመንግሥት ቦንድ፣ ዋጋው ከተዋሱት የሚበልጥ። ከኪራዩ ሰማንያ አምስት በመቶው ለፈንዱ፣ ቀሪው ላዋዋለው ድርጅት።

"አርባ አንድ ላይ አቁመህ ነው የመጣኸው?"

በንዴት አቁሜ።

"ስድስት ዓመት እዚህ ስሠራ" አለች፣ "አርባ አንድ የደረሰ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነህ።" ሻይ አመጣችልኝ። ጠጣሁ። መጥፎ ሻይ አልነበረም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ፣ ትሮይቪል። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሥቼ ስለ ገጽ አርባ አንድ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። "የሰው ንብረት የያዘ ሁሉ ለማን እንዳዋሰ፣ ምን እንዳስያዘ፣ ምን እንዳገኘበት በጽሑፍ ይግለጽ!" አጨበጨቡ። ሊቀ መንበሩ ማርቆስ "እንደ ጋሼ ገብረጻድቅ ያለ ንብረት ያዥ ስላለን ዕድለኞች ነን" አለ። እውነት ነው። የእድሩ ወንበር፣ ድንኳንና ድስት በእኔ እጅ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ነው፣ እሱም እኔ ዘንድ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

መጋቢ ማናሴ ከሶዌቶ መጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ አለ። "ሰማንያ ወንበር ብቻ፣ ጋሼ።" የእግዚአብሔርን ሰው ምን ያስይዙ እላለሁ? ሰጠሁ። ወጣቶቻቸው የቤቴን ጣሪያ ሊጠግኑልኝ ነው። እኔ አልጠየቅኩም። ራሳቸው አሉ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የእድራችን አባል የዱካሞ አጎት አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ዐረፉ። መርዶው ዛሬ ማለዳ ዱካሞ ቤት፣ ሮዘተንቪል ተነገረ። አባሉ ሁሉ ከየሎኬሽኑ፣ ከየጥቁሮቹ ሰፈር፣ ሱቁን ዘግቶ መጣ። መቶ ሃያ ሰው። ወንበር? አርባ። ሌላው ሶዌቶ ነው፤ ጉባኤው እስከ ረቡዕ ነው፤ መጋቢ ማናሴ ስልክ አያነሱም።

ሰዉ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይም። አቶ ምሕረቱ የተቀመጡበት ከረጢት ፈነዳ። ከወገባቸው በታች ነጭ ሆነው ተነሡ። ዱካሞ እንባው እየወረደ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የወጥ ቤቱ አለቃ ካሳነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"ጋሼ፣ የእኛስ ገጽ አርባ አንድ የት አለ?"

"ይህ ለቅሶ ቤት ነው፣ የመጠያየቂያ ቦታ አይደለም" አልኳት።

ቦታው አልነበረም። ጥያቄው ግን...

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ወንበሮቹ ትናንት ማታ ተመለሱ። ሰማንያውም። ማን አመሰገነኝ?

ማርቆስ ደወለ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ፣ አንድ አጀንዳ፦ ንብረት ያዥ። "ይቅርታ ብቻ ይበሉ ጋሼ፣ ያልፋል።"

"የምን ይቅርታ? አንድ ማንኪያ ጠፍቷል?"

"ሰው ሊያነሣዎት ነው እኮ የሚያስበው።"

ዘጋሁበት።

ቁልፉን ከወሰዱብኝ ጠዋት ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ? ሱቁን ሸጫለሁ። ሀሴት እስከ ማታ ቢሮ ናት። መጋዘኑን እከፍታለሁ፣ አቧራ አራግፋለሁ፣ አንዱ ጎራ ይልና "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ" ይላል። ቀኑ በዚህ ነው የሚሄደው። ይህን ለማርቆስ አልነግረውም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ይቅርታ አልልም። እጽፋለሁ እንጂ። አሥራ አራት ዓመት ደብተር አልያዝኩም፤ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ወረቀቱን በአራት ከፈልኩት፦ ተዋሽ፣ ንብረት፣ መያዣ፣ ኪራይ። እንደ ፈንዱ።

መያዣ የሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች "የለም"። ኪራይ የሚለው ይብሳል። ለአንድ ሠርግ ድንኳን፤ ኪራይ፣ አንድ ጀሪካን ማር። ማን በላው? ንብረት ያዡ። ለሶዌቶ ሰማንያ ወንበር፤ ኪራይ፣ የጣሪያ ጥገና። የማን ጣሪያ? ...ጻፍኩት።

ሀሴት ከኋላዬ ቆማ ታነባለች።

"አባዬ፣ አንተስ? መመገቢያ ክፍላችን ያሉት ስድስት ወንበሮችስ?"

ለምርቃቷ ያመጣኋቸው ናቸው። ሰባት ዓመት። ትልቁ ድስትም አለ፣ ድንች አስቀምጥበታለሁ። መጨረሻው መስመር ላይ ጻፍኩ፦ ተዋሽ፣ ገብረጻድቅ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ቆሜ አነበብኩ። ማሩ ላይ ስደርስ ማጉረምረም። ጣሪያው ላይ ሳቅ። ድስቱ ላይ ካሳነሽ ብድግ አለች።

"ያቺ ድስት! ተሰረቀች ብለን ሌላ ገዝተን የለም እንዴ? አዋጡ ብለው የዞሩት እርስዎ አይደሉ?"

ነኝ። ረስቼው ነበር። በእግዜር፣ ረስቼው ነበር።

ዱካሞ ተነሣ። "እኔ ነኝ ለቅሶዬ ላይ እንግዶቼ ሣጥን ላይ የተቀመጡብኝ" አለ። "ግን ድስቱን ባይናገሩ ማን ያውቅ ነበር? እኔ እጄን ለጋሼ አወጣለሁ።"

ሠላሳ አንድ ለሃያ ስምንት። ቀረሁ። ግን ቁልፉ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ካሳነሽ ዘንድ። ዝርዝሩ በየወሩ በሩ ላይ ይለጠፋል። ያለ መያዣ አንድ ሹካ እንኳ አይወጣም። የመጨረሻውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተናገርኩም። ድስቱን ግን ራሴ ተሸክሜ፣ በታክሲ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ መለስኩ። ሾፌሩ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሀሴት የሥራ ጓደኞቿን ለነገ ምሳ ጠራች። ስድስቱን ወንበሮች ከመለስን ወዲህ መቀመጫ የለንም። ስድስት ወንበር ልዋስ መጋዘን ሄድኩ። ተራው የካሳነሽ ነው።

"መያዣ?"

"ካሳነሽ... እኔን?"

"ጋሼ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው።"

ገንዘብ አልያዝኩም። ፓስፖርቴ ቤት ነው። ኪሴን ዳበስኩ፤ መሐረብና የታክሲ ሳንቲም። መነጽሬን አውልቄ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ክፈፉን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። "ከስድስት ወንበር ይበልጣል?" አለች። ይበልጣል አልኳት። መዘገበች፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቆጥራ አስረከበችኝ፣ የአንዱ እግር መሰንጠቁን ሳይቀር ጻፈች። እኔ እንኳ አላየሁትም ነበር።

ተናደድኩ? ታክሲው እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ... እኔ ስሞት መጋዘኑን ማን ይይዘዋል እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨንቄያለሁ! ለማንም ሳልናገር። ዛሬ አልተጨነቅኩም።

ሰኞ ማለዳ ወንበሮቹን መልሼ መነጽሬን እቀበላለሁ። እስከዚያ ይህን በግምት እየጻፍኩ ነው። ምን እንደጻፍኩ ማንበብ አልችልም።