ባሌ በሕይወት አለ ብለው ለፈረዱት ዳኛ

ለተከበሩ ዳኛ፣
የመኪና ኢንሹራንስ ክርክሬን አይተው ለወሰኑት፣
ጁባ

ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በችሎቱ መሀል እየተንተፋተፈ የሚጠፋው ጄኔሬተርዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ለአጭበርባሪ ሴት ይህን ያህል ጤና መስጠቱ የእርሱ ቸርነት ነው። በዛብሽ እባላለሁ፤ ጀበል ገበያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከባለጉዳይ ብዛት ካላስታወሱኝ፣ ሕፃን ታቅፌ የቆምኩት፣ ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር ከችሎት እንድወጣ ያዘዙኝ ሴት ነኝ። በአማርኛ የምጽፍልዎ ለድፍረት አይደለም፤ በችሎትዎ የተናገርኩት ሁሉ ሲተረጎም እያጠረ ስላስቸገረኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎ ይፍቀዱልኝ። ባለቤቴ ሽመክት ከጁባ የወንዝ ወደብ ዕቃ እየጫነ በፒካፑ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጉምቦ ያመላልስ ነበር። እኔ አራስ ሳለሁ፣ ድልድዩን እንደተሻገረ መብራት የሌለው ከባድ መኪና ገጨው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። የሥራ ባልደረባው ጋትዴት፣ ኢትዮጵያ በስደት ያደገና አማርኛን እንደ እኛው የሚናገር የዚሁ አገር ልጅ፣ የሞቱን ማስረጃ ይዞ በእኔ ስም ለኢንሹራንስ ኩባንያው አመለከተ። ለእኔ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በእኛ ዘንድ ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ጉልበቷ እስኪጠና ይጠበቅና ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው ያረዷታል። እግሩ ተሰብሮ ለሕክምና አዲስ አበባ ተልኳል አሉኝ፤ አመንኩ። አስከሬኑ አገሩ ገብቶ ሲቀበር፣ እኔ እዚህ ገንፎ እየበላሁ ለእግሩ ስለት እሳል ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማቅረብ ለእኔ ብጤ የሚፈቀድ ከሆነ፣ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ የኢንሹራንሱን መርማሪ ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ። የመጣው በዚያው መርዶው በተደበቀበት ሰሞን ነበር። ያስተረጎመችልን ጎረቤቴ ሒሩት ሰውዬው የጠየቀውን ሁሉ ሳይሆን እኔ ልሸከመው የምችለውን ብቻ መርጣ ነገረችኝ፤ ሞት የምትለዋን ቃል ዋጠቻት። ባልሽ የት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ደረሰኝ፤ እኔም ተመስገን በሕይወት አለ፣ አዲስ አበባ እየታከመ ነው ብዬ በደስታ መለስኩ፣ ፈረምኩም። እኛ አራስ ጥየቃ ስንሄድ ትንሽ ነገር ይዘን እንገባለን፤ እርሱ ባዶ እጁን መጥቶ ፊርማዬን ይዞ ወጣ።

ሁለተኛ፦ ቆይተው መርዶውን የነገሩኝ ሽማግሌዎቻችን ቀርበው ልማዱን ሲያስረዱ፣ እርስዎ ሞት እንዴት ከባለቤቱ ይደበቃል ብለው ጠየቁ፤ ችሎቱም ሳቀ። ሳቁን አልተቀየምኩም። በአገራችሁ ሰው ሲሞት ጩኸቱ ወዲያው ሰፈሩን ያዳርሳል፤ እንደዚያ መጮህ ምነው ለእኔም በተፈቀደልኝ ኖሮ። ባሌ አፈር ሲገባ አላለቀስኩም፤ ስለዚህም እንዳልሞተ ተቆጠረ። ጋትዴት በሦስት ቋንቋ ቢያስረዳ፣ ይህን ያህል ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የማጭበርበሩ ጠንሳሽ መሆን አለበት፣ ያቀረበው የሞት ማስረጃም የእርሱው ፈጠራ ነው ተባለ። ሰው ስደት ላይ የተማረው እንዲህ ይጠቅመዋል ለካ።

ሦስተኛ፦ ካሳው ቀርቶ ቅጣት እንድከፍል፣ የኩባንያውንም ወጪ እንድሸፍን ወሰኑ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል አገሬዎች። ይሁን፤ ወንበሬንም ድስቴንም ሽጬ እከፍላለሁ። ያንገበገበኝ ቅጣቱ አይደለም፤ ከውሳኔው ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ሟች የተባለው ግለሰብ በሕይወት እንዳለና ለጥቅም ሲል ራሱን እንደሰወረ ፍርድ ቤቱ አምኗል። ክቡር ሆይ፣ ሽመክት ወደብ ላይ በስህተት የተጫነለትን የሌላ ሰው ሩዝ ለመመለስ ከጉምቦ ተመልሶ ድልድዩን ዳግም የተሻገረ ሰው ነበር። እኔን አጭበርባሪ ይበሉኝ፤ ለስሜ እኔ እከራከርለታለሁ። የእርሱን ስም ግን እባክዎ ይመልሱለት፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትሰረዝልኝ። ልጄ አድጋ አባቷን የምታውቀው በእርስዎ ጽሑፍ እንዳይሆን እፈራለሁ።

በተረፈ ስላሳዩኝ ትዕግሥት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል ስለሚባል እዚህ ላይ ልግታው። ውሳኔውን ያስረከበኝ ጸሐፊዎ ዓይኔን ሳያይ ማሌሽ ብሎኛል፤ ከፍርድ ቤትዎ ያገኘሁት ይቅርታ እርሱ ብቻ ነውና ደመወዙን እንዳይቆርጡበት እለምናለሁ።

መዶሻዎ እንዳይከብድዎ፣ እንቅልፍዎ እንዳይጎድል ሁልጊዜ የምትጸልይልዎ፣ ፍርድ ቤቱ ባለትዳር፣ ጎረቤቶቿ ግን መበለት የሚሏት፣

በዛብሽ
ጀበል፣ ጁባ

ግልባጭ፦ ለምግብ ቤቴ ግድግዳ

ማስታወሻ፦ ውሳኔው ሲነበብ፣ በሕይወት አለ የሚለውን ስሰማ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል አመንኩዎት። አስከሬኑን አላየሁም፤ አልቀበርኩትም፤ ያረዱኝ ሰዎች ደግሞ ከዚያ በፊት ዋሽተውኛል። እውነት ምስክር አግኝተው ከሆነ የፈረዱት፣ የት እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ቅጣቱን እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ። አጭበርባሪም ሆኖ ይምጣልኝ።