የተጣመመችው ጣቴ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11፣ ላሊበላ

ዛሬ ገበያ ውስጥ የድሮ የቡድን ጓደኛዬን ስጦታውን አገኘሁት። ከሙጃ አካባቢ ገብስ ሊሸጥ መጥቶ ጆንያው አጠገብ ቆሟል። እግር ኳስ ክለብ እያለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂዬ የነበረ በረኛ ነው። አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ተሰናበተ።

ጥፋቱ የኔ ነው። በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ዋዜማ ልምምድ ላይ ትንሿ ጣቴ ተሰበረች። በማግስቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ በፕላስተር ያሰረልኝ ራሱ ስጦታው ነው። «ተሰብራለች እንዴ?» አለኝ። «ወለምታ ነው» አልኩት። ለአሰልጣኙም ይህንኑ አልኩ። ቦታዬን ለሱ መልቀቅ አንገበገበኝ፤ አንዴ ከገባበት አይወጣም ብዬ ፈራሁ። ገባሁና ኳስ መያዝ አቅቶኝ ሁለት ግብ ተቆጠረብኝ። እኔን ለከርሞም አቆዩኝ። ሲጫወት ያላዩትን በረኛ ግን ምን ያደርጉታል፣ ክረምት ላይ አሰናበቱት።

ዛሬ ሲያየኝ ጆንያውን ትቶ አቅፎ ሳመኝ። «ጋሼ፣ ልጆቼ ካንተ ጋር መጫወቴን አያምኑኝም እኮ» አለ። አንገቴን ደፋሁ። እጄን እንደያዘ የተጣመመችውን ጣቴን ዳሰሳት።

«የዚያን ቀኗ ናት?»

ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር። «አይ፣ ይቺስ በኋላ ነው፣ ሌላ ጨዋታ ላይ» አልኩት።

«እኔስ ያን ቀንም እንደ ስብራት ነበር ያሰርኳት» አለና ወደ ገብሱ ተመለሰ።

ያኔም አውቆ ነበር ማለት ነው። ለአሰልጣኙ አንድ ቃል ቢተነፍስ ጨዋታው የሱ ነበር።