ቅዳሴ ያስጨረሰኝ ኪኒን

ጀሪፍ፣ ካርቱም፣ እሑድ ኅዳር 14

ዛሬ ቅዳሴውን ሳልወጣ ጨረስኩ! ሐኪሙ ጠጠሩን አውጥቶ ከኩላሊቴ እስከ ፊኛዬ ቱቦ ካስገባልኝ ወዲህ ሽንቴ እያቃጠለኝና እያጣደፈኝ የማስቀድሰው ከደጅ፣ መጸዳጃው አጠገብ ቆሜ ነበር። ቅዳሴ ከተጀመረ አቋርጦ መውጣት አይሆንማ።

ኪኒኑን ከመሀል ከተማው ገበያ፣ ከሱቅ ዐረቢ ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ባለ ፋርማሲው፣ «ይሄ ሽማግሌ ወንዶች ሽንት ሲያስቸግራቸው የሚውጡት ነው፤ ለባልሽ ነው?» ቢላት፣ «ወላሂ ለጎረቤቴ ነው፤ እሷም ከሽማግሌ አትሻልም!» አለችው። ስትነግረኝ በሳቅ ሞትኩ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ «ድኛለሁ!» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ማቃጠሉ ተወሽ እንጂ ቱቦው መቼ ወጣ? ሐኪሙ ብዙ ከቆየ ኩላሊትሽን ይጎዳል አላለሽም?»

ብሎኛል። ቱቦው የሚወጣበት ቀንም አልፏል። ሐኪሙ ግን ጦርነቱን ሸሽቶ ሄዷል፤ ክሊኒኩም ተዘግቷል። ቱቦ የሚያወጣ ሌላ ሐኪም እዚህ መኖሩን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። እስከ ዛሬ ሲያቃጥለኝ ከደጅ ሆኜ የምለምነው፣ «ሐኪም አምጣልኝ» እያልኩ ነበር። ዛሬ ውስጥ ገብቼ፣ መቅደሱ ፊት ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳመሰግን ሐኪም መለመኑን ረሳሁት።